ምሰሶውና የእናት እጅ

በሚንቶ ሰፈር ሎሳሊኔን የሚያውቋት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። በአረጋውያን መጦሪያው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረዋት የሚሠሩት “ያቺ ትከሻዋ ሰፊ፣ የረጠበ ብርድ ልብስ ብቻዋን የምትጠመዝዘው” ይሏታል። ከቶንጋ ደሴቶች የመጡት የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ደግሞ ስሟን አይጠሩም፤ “የቶአካሴ ልጅ” ይሉና ዓይናቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ። ያዘኑላት ለመምሰል ነው እንጂ ወሬዋን እስከሚቀጥለው እሑድ ሲያላምጡ ነው የሚሰነብቱት።

ወሬውም ይኸው ነው፤ ሎሳሊኔ በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ከጎማ መሸጫው ጀርባ ባለ መጋዘን ውስጥ፣ በቁምጣ ሆና የብረት ምሰሶ ላይ ትወጣለች።

ስፖርት ነው። ዳኛ አለው፣ ነጥብ አለው፣ ውድድር አለው። ደንቡ ራሱ ከቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ባልተናነሰ “ልብስ፣ ልብስ” ይላል፤ ተረከዘ ረጅም ጫማ ክልክል ነው፣ ቁምጣው ካጠረ ነጥብ ይቀነሳል። ምሰሶ ላይ በምሽት ቤትም ስለሚጨፈር የስፖርቱ ማኅበር ሰዎች የዚያ ስም እንዳይለጠፍባቸው ይሰጋሉ። ሎሳሊኔ ልብሷን ራሷ ስለምትሰፋ ከተባለው በላይ ታስረዝመዋለች። ከዚያ ወዲያ ግን አይሆንም። ብረት የሚይዘው ቆዳን ነው፤ ጭን በጨርቅ ከተሸፈነ ያንሸራትታል፣ ከላይ የተንሸራተተ ደግሞ በአንገቱ ይወርዳል። ይህን ለስንቱ አስረዳች! “ካልተራቆቱ የማይሠራ ሥራ ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው?” ብለው ይሳሳቁባታል።

የሚያናድደው፣ እነዚሁ ሴቶች ሎሳሊኔ ልጅ ሳለች በየሠርጉ ታውሉንጋ የሚባለውን የአገራቸውን የእጅና የጣት ጭፈራ ስትጨፍር እጃቸው እስኪቀላ ያጨበጭቡላት ነበር። ያኔም ትከሻዋ ራቁት ነው፣ ክንዷም ራቁት ነው። እናቷ ቶአካሴ ከመድረክ በፊት ገላዋን በኮኮናት ዘይት ታሸዋለች፤ የምታብረቀርቅ ልጅ የጨዋ ልጅ ናትና። ያ ገላ ነው እንግዲህ ብረት ስለነካ ነውር የሆነው።

ነገሩ የከፋው በወንድሟ በሶአኔ በኩል ነው። በእነሱ ዘንድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ፊልም እንኳ አያዩም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ታዲያ አንድ ቀን ሶአኔ በሚሠራበት መጋዘን፣ በምሳ ሰዓት፣ አንዱ ባልደረባው እህቱ ምሰሶ ላይ የወጣችበትን ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቀነለት።

“እቺ ያንተ ዘመድ ናት እንዴ? ስንት ታስከፍላለች በናትህ?”

ሶአኔ ምሳውን ጥሎ ወጣ። በዚያው ሳምንት ልብሱን ጠቅልሎ ሊቨርፑል በሚባለው ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየ፤ ከእህቱ ጋር አንድ ጣራ ሥር ላያድር። ቶአካሴ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አንድ ጉንጭ ቡና የማያህል ቃል ብቻ ቀረላት፤ “ምግቡ እዚያ አለ” ትላለች፣ ትሄዳለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሎሳሊኔን የገደላት የሰዉ ወሬ ሳይሆን ይኸ ነው። የክፍለ ሀገሩ ውድድር ሲቃረብ እንኳ በሆዷ የምትመኘው ዋንጫውን አልነበረም። እናቷ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ በዓይኗ እንድታያት ነበር።

በውድድሩ ዋዜማ ቶአካሴ ከቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት ተመልሳ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች።

“ነገ የት ነው?”

“ምኑ?”

“ያ ነገርሽ ነዋ! ብረቱ!”

“ፔንሪዝ፣ የክለቡ አዳራሽ” አለች ሎሳሊኔ።

“ሶአኔ አይመጣም አይደል?”

“እማ፣ ሰላም እንኳ የማይለኝ ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ይመጣል?”

“እንግዲያ እኔ እመጣለሁ። ዛሬ ኤሌኖአ ድንች እየላጠች ‘ልጅሽ ስትወጣበት ብረቱ አፈረ አሉ’ አለችኝ፤ ሴቱ ሁሉ ሳቀ። መልስ አጣሁ። ለምን? አላየሁማ! ሰው ባየው እስከ መቼ ልፈር? አይቼ ካፈርኩም በራሴ ዓይን ልፈር።”

ሎሳሊኔ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች።

በማግስቱ ከመድረኩ ጀርባ ተቀምጣ እጇን ዱቄት ታስነካለች። ለዚህ ውድድር ዓመት ሙሉ ደክማለች፤ የምሰሶው ጫፍ ላይ ደርሳ ሁለት እጇን ለቅቃ በአንድ ጭኗ ብቻ የምትንጠለጠልበት ነገር አላት። ሰሞኑን ቅባት የሚባል ገላዋን አልነካም፤ ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ከእባብ ይልቅ ቅባት ይፈራል። የምድቧ የመጨረሻ ተወዳዳሪ ስለሆነች ከአሠልጣኟ ከብሮንዊን ጋር ተራዋን ትጠብቃለች። በዚህ መሃል ቶአካሴ ከች አለች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ለቀብርና ለበዓል የምትታጠቀውን የሰሌን መቀነት ታጥቃለች።

ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። 

“ምን ሆነሽ ነው እንዲህ አመድ የመሰልሽው?” አለች ቶአካሴ። “እናት የሌላት ይመስል! ሰው ፊት እንዲህ ነጥቶ ይወጣል?” ከቦርሳዋ ጠርሙስ አወጣች። የኮኮናት ዘይቱ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ብሮንዊን ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። “ኧረ እማማ፣ ይቅርታ፣ ዘይት እኮ…”

“ብሮንዊን፣ ውሃ አምጪልኝ” አለች ሎሳሊኔ።

“ሎሳ! አብደሻል?”

“ውሃ አምጪልኝ አልኩሽ።”

እናቷ ተንበረከከች። ባቷን፣ ጉልበቷን፣ ጭኗን፣ ከዚያ ክንድና ትከሻዋን፣ ድሮ በየሠርጉ እንደምታደርገው፣ ከታች ወደ ላይ አሸቻት፤ እያሸች ከንፈሯ በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ሁለት ዓመት ያልነካት እጅ ነው። ቅባት የሚጠረግበት አልኮሉም ፎጣውም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ሎሳሊኔ ግን በእናቷ ዓይን ፊት ያንን የምትጠርግበት አንጀት ከየት ታምጣ? “አሁን ሰው መሰልሽ” አለች ቶአካሴ፣ እጇን ይዛ እስከ መድረኩ ጫፍ ሸኘቻትና የፊት ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ሙዚቃው ተጀመረ። መዳፏ ደረቅ ስለነበር በክንዷ ብርታት ብቻ ጫፍ ደረሰች። ጭኗን ብረቱ ላይ ጠቀለለች፤ አልያዘም። መዳፏ እየተቃጠለ ቀስ ብላ እስከ ወለሉ ተንሸራተተች። ደግማ ወጣች፣ ደግማ ወረደች። ዳኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። አዳራሹ ዝም ብሏል፤ የሰው ውርደት ለማየት የሚያፍር ሰው ዝምታ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወርድ ሌላ የምትሠራው ስላጣች ክንዷን ዘርግታ ጣቶቿን እንደ ታውሉንጋ አወዛወዘች።

“ማሊኤ!” የሚል ጩኸት ዝምታውን ሰነጠቀው። ቶአካሴ ተነሥታ ቆማለች። “ማሊኤ! እሰይ የኔ ልጅ!” ጉንጯ በእንባ ርሷል።

ሎሳሊኔ በነጥብ ከሁሉም መጨረሻ ወጣች። ቶአካሴ ውጤቱን አልጠየቀችም። መኪና ውስጥ እንደገቡ ስልኳን አውጥታ ሶአኔ ዘንድ ደወለች።

“ስማ አንተ፣ ውሸት ነው የነገሩህ! በዓይኔ አየሁ። ከላይ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ቀስ ብላ… ምን ልበልህ፣ ጨዋ ነገር ነው። እሑድ ምሳ እንዳትቀር።” ስልኩን ዘግታ ወደ ልጇ ዞረች። “አንቺም ከእንግዲህ ያለ እኔ እንዳትወጪ። የማሽሽ እኔ ነኝ።”

“እሺ እማ” አለች ሎሳሊኔ። 

ሰኞ ዕለት ብሮንዊን ደወለች። “ንገሪያት በቃ! ዘይት አይሆንም ማለት ይህን ያህል ከባድ ነው?”

“ምን ብዬ ልንገራት? ‘ያለቀስሽለት ውድቀቴ ነው፣ የጣለኝም እጅሽ ነው’ ልበላት? ስሜን ከቀጣዩ ሰርዢልኝ።”

እሑድ ሶአኔ መጣ። በሩ ላይ ትንሽ ካመነታ በኋላ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ። ቶአካሴ የበግ ሥጋውን እያወጣች የእህቱን አወራረድ በእጇ ታሳየዋለች፤ እሱ ሳህኑን እያየ ይሰማል። በኋላ ቀና ሳይል፣

“እኔ እንደማላይ ታውቂያለሽ” አላት እህቱን። “ግን እማ እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም። የሚቀጥለው መቼ ነው? መኪና ይዤ አደርሳታለሁ።”

“ሶአኔ… ትቼዋለሁ እኮ።”

የቶአካሴ ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። “ምኑን ነው የተውሽው?”

“አርጅቻለሁ እማ። ጉልበቴም…”

“አትዋሺኝ!” ጭልፋውን ድስቱ ላይ ወረወረችው። “ሳፍርብሽ እንቢ ብለሽ ሠራሽው። አሁን ስኮራብሽ ትተዪዋለሽ? ምን አድርጌሽ ነው አንቺ ልጅ?”

 ሎሳሊኔ ተነሥታ የሶአኔን ሳህን አነሣችና ሥጋ ጨመረችለት።