ሞርሲቶ መንገድ ላይ የቆመችው ላንድሮቨር

ልጅ እያለሁ አባቴ ሆሳዕና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን ቤንዚን በራሽን ነው የሚታደለው፤ ላንድሮቨሯን በጥቂት ቤንዚን እንደ እሱ ሩቅ የሚያደርሳት አልነበረም። አንዳንድ ቅዳሜ ከጎኑ ያስቀምጠኛል። ሲነሳ እግሩን ቤንዚን መስጫው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋል፤ ሞተሩ ሳይጮህ ማርሽ ይቀይራል። ከውስጥ መንገድ ወደ ዋናው ሲገባ ደግሞ የሚመጣውን መኪና ከሩቅ አይቶ እግሩን ያነሳል፤ ያኛው ሲያልፍ እኛ ሳንቆም ከኋላው እንገባለን። «ቤንዚን የሚጨርሰው ቆሞ መነሳት ነው» ይለኝ ነበር። ቤንዚን ቤንዚን የሚለው የካፖርቱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ኃላፊው ጓድ ዘሪሁን ግን ይህን አልወደደለትም። አንቱ እንድለው አትጠብቁ። ሠራተኛው በተሰበሰበበት አባቴን አስቆመና እንደ ኤሊ እየነዳ የአብዮቱን ሥራ ያጓትታል፣ ይህም አሻጥር ነው አለ። ያኔ «አሻጥር» የሚለው ቃል ሰው ያሳስር ነበር። አባቴ ባይታሰርም መኪናዋን ተቀምቶ የጋራዡ ዘበኛ ሆነ። መሪውን የያዘው የዘሪሁን የእህት ልጅ ነው። እናቴ «ጌታ ይፈርዳል» ብላ ጸለየች። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ፍርዱን የምጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረኝም።

ክረምት መግቢያ ላይ ከአክስቴ ቤት በሞርሲቶ መንገድ ወደ ሆሳዕና በእግሬ ስመለስ ላንድሮቨሯ ቆማ አገኘኋት። የእህቱ ልጅ ዳገቱን ሁሉ ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ እየረገጠ ወጥቶ ነዳጁን ጨርሶታል። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ባለሥልጣን እንግዳ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሆሳዕና ላይ ሕዝብ ለስብሰባ ይጠብቃቸዋል። አብሯቸው የነበረው ዘሪሁን አወቀኝ።

«የሄራሞ ልጅ አይደለሽ? ሮጠሽ ለአባትሽ ንገሪው፤ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ይዞ ይምጣ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ከዓይናቸው እስክሰወር ሮጥኩ። ከዚያ ወንዝ ዳር ተቀምጬ እግሬን ታጠብኩ፤ መንገድ ላይ ካገኘኋቸው ልጆች ጋር ቅልልቦሽ ተጫወትኩ። ዝናቡ ሲመጣ እንሰት ሥር ተጠለልን። ጠብታው ቅጠሉን ሲደበድብ የመኪናዋ ሸራ እንደሚያፈስ ትዝ አለኝና ደስታ ሞላኝ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ጋራዡ ሄጄ ስነግረው አባቴ አላመነታም፤ ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። መቼ እንደነገሩኝ ሲጠይቀኝ «አሁን» አልኩት። ከከተማው ሳይርቅ አገኛቸው፤ እንግዳው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በእግራቸው እየመጡ ነበር። ሕዝቡ ተበትኗል። እንግዳው መንገድ ላይ የአባቴን ነገር ጠይቀው ሰሙ፤ በእሳቸው ትእዛዝ በሳምንቱ መሪው ተመለሰለት።

አሁን ሆሳዕና አስፋልት ናት፤ እኔም መኪና እነዳለሁ። ወደ ዋናው መንገድ ቀስ ብዬ ስገባ ከኋላዬ ጡሩምባ ያንባርቁብኛል፤ ያን የአባቴን ጸጥታ የሚያውቅ የለም። ዘሪሁን አርጅቷል፤ ከዘራውን ተደግፎ ሲሻገር አንዳንዴ ቆሜ አሳልፈዋለሁ። አባቴ እውነቱን ሳይሰማ ሞተ። ቂም አያውቅም ነበርና ቢሰማ ያዝንብኝ ነበር። እሱን ስለዋሸሁት እስከ ዛሬ ይከፋኛል። ለዘሪሁን ግን አንድም ቀን አላዘንኩለትም።