ከሳሬ ጋር ወደ አሰንዳቦ

ዐይኔን የወሰደው ኩፍኝ ነው፤ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሩቅ አገር የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አስገባኝ። እዚያ ብሬል ተምሬ፣ በደርግ ዘመን ጅማ ውስጥ ቡና ከሚገዛ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ተቀጠርኩ። ቤቴ ቦሳ ኪቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት እጄን ይዛ የምትወስደኝ አብራኝ የምትሠራ ታይፒስት ነበረች። እሷ ስትቸኩል እቸኩላለሁ፤ እሷ መንገድ ላይ ወሬ ስትይዝ ቆሜ እጠብቃለሁ። በኋላ አግብታ አጋሮ ገባች። ሠርጓ ላይ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እልል ብዬ ቤቴ ስገባ ነው ነገ ሥራ በምን እሄዳለሁ የሚለው የመጣብኝ።

ውሻዋን የሰጠኝ የቡ በምትባል አገር ቡና የሚያለማው አጎቴ ነው፤ ብቻሽን ስለሆንሽ ቤት ትጠብቅልሽ ብሎ። አማርኛ እንደማትሰማም ነገረኝ። እውነቱን ነበር፤ «ኮቱ» ካላሏት አትመጣም፣ «ታኢ» ካላሏት አትቀመጥም። ስም ላወጣላት ሳስብ ሳስብ «ሳሬ» እያልኩ ቀረሁ፤ ኦሮምኛው ውሻ ማለት ነው እንጂ ስም እንኳ አይደለም።

አንድ የክረምት ጠዋት በትሬን ይዤ ወደ ሱቅ ስወጣ ሳሬ እግሬ ላይ ተጋደመች። ገፋኋት፣ አልሄድ አለች። ዞሬ ላልፍ ስል ዞራ መጣች። ተናድጄ በበትሩ ቸብ አደረግኋት። ያን ጊዜ ጎረቤቴ፣ ኮሌጅ የሚያስተምረው የጎጃም ሰው፣ ከበሩ ላይ ሆኖ «ባለሽበት ቁሚ እህቴ፤ ከፊትሽ ጉድጓድ አለ» አለኝ። ለቧንቧ ብለው ማታ የቆፈሩት ነው። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩና ያንን እርጥብ አንገቷን አቅፌ ይቅርታ ጠየቅኋት።

መምህሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው። እዚያ ዐይነ ስውራን በሠለጠነ ውሻ እንደሚመሩ፣ ከነውሻቸው ባቡር እንደሚሳፈሩ፣ ምግብ ቤት እንደሚገቡ፣ የሚከለክላቸው ሰው በሕግ እንደሚጠየቅ ነገረኝ። ለውሻ ሕግ ወጣ ወይ ብዬ ሳቅሁበት።

«ሕጉ ለሰውየው ነው» አለ። «መግባት የእሱ መብት ነው። ውሻዋ ዐይኑ ስለሆነች አብራው ትገባለች።»

ይቺን ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሳላምጣት አደርኩ።

ከዚያ ሥልጠናው ተጀመረ። ስድስት ወር ሙሉ መምህሩ ወደ ኮሌጁ ከመሄዱ በፊት አብሮን ይወጣል። ቀኝ «ሚርጋ»፣ ግራ «ቢታ»፤ በትክክል የታጠፈች እንደሆነ ቁራሽ ዳቦ ይሰጣታል። የጎጃም ሰው ኦሮምኛ መንደሩን ሁሉ ያስቅ ነበር። ከአንገቷና ከደረቷ ላይ የሚታሰረውን ጠፍርና የምይዘውን ጠንካራ እጀታ የሠሩልን ገበያ ያሉ አንድ ኮርቻ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። በሃይማኖታቸው የውሻ ምራቅ ስለሚያረክስ ሊነኳት አልፈለጉም። ግን ሥራውን እምቢ አላሉም፤ ራቅ ብለው ተቀምጠው «ገመዱን በብብቷ ሥር አሳልፊው፤ አሁን ቋጠሮ አድርጊበት» እያሉ እኔኑ አስለኩኝ። «ኢንሻአላህ ለሐሙስ ይደርሳል» አሉ፤ ደረሰም። እንደ ልኳ ነበር።

መምህሩ ቀርቶ ሁለታችን ብቻ የወጣንበትን ጠዋት እንዴት ልንገራችሁ። «ዴሚ» አልኳት፣ ሂጂ ማለት ነው። ሄደች። ዐይኔ ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ፈጥኜ ተራምጄ አላውቅም። ነፋሱ ነጠላዬን ወደ ኋላ ሲጎትተው ሳቅ አፈነኝ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እንደ መሮጥ ቃጣን። አንዲት ሴት «ምን ነካት ይቺ ልጅ» ስትል ሰምቼ ይብሱን ሳቅሁ። መሥሪያ ቤቱ በር ደርሰንም መቆም አላማረኝም፤ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርነው። ዘበኛው የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሎት አብሮን ዞረ።

ጣጣው የመጣው በቀበሌ ነው። ከስብሰባ መቅረት ያኔ ቀላል ጥፋት አልነበረም። ከነሳሬ አዳራሹ በር ስደርስ ጠባቂው ውሻ አይገባም አለኝ። እንግዲያው ልመለስ ስለው መቅረትም አይቻልም አለ። ሊቀ መንበሩ ተጠርተው መጡ። እኔም መምህሩ ያስተማረኝን ይዤ፣ ከነውሻዬ ያስገቡኝ፣ አለዚያም ቤቴ ተቀምጬ ተገኝታለች ተብሎ ይመዝገብልኝ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና አስገቡኝ። ሳሬ ከእግሬ ሥር ተኝታ ንግግሩን በሙሉ ጸጥ ብላ ሰማች። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ግን ሰው ሁሉ የሚሰማው ረጅም ማዛጋት አዛጋች። አዳራሹ እስትንፋሱን ዋጠ። ቀድመው የሳቁት ሊቀ መንበሩ ናቸው፤ ከዚያ ሁላችንም ተፈቀደልን።

በማግስቱ ከመምህሩ ጋር ቢሯቸው ሄድን። ምን ሕግ አለ ብለው ሲጠይቁት አልዋሻቸውም፤ እዚህ አገር የሚፈቅድም የሚከለክልም አላየሁም አላቸው። «ከልካይ ከሌለማ እኔ እጽፍላታለሁ» አሉ። የነበራቸው ግን ለነዋሪ የሚሞላ ቅጽ ብቻ ነው። ጸሐፊው ሥራ በሚለው ላይ «መንገድ መምራት» ብሎ ሞላ። የትምህርት ደረጃ ላይ «ያልተማረች» ሲል መምህሩ ተቆጣ፤ ስድስት ወር ማስተማሩን ተናግሮ «ማንበብ የማትችል» አስባለው። ከሥሩ ውሻዋ የባለቤቷ ዐይን ስለሆነች በምትሄድበት ሁሉ ትብብር ይደረግላት የሚል ተጨምሮ ማኅተም ተመታበት። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ስወጣ የሆነ ሹመት ያገኘሁ ይመስለኝ ነበር።

አሰንዳቦ ያለችው እህቴ መውለዷን የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። ለራሴ ከቀበሌ የይለፍ ደብዳቤ አውጥቼ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ረዳቱ ሳሬን ከዕቃ ጋር ጣሪያ ላይ ልጫናት አለ። የሳሬን ወረቀት ሰጠሁት። ጮክ ብሎ ሲያነበው አውቶቡሱ ሁሉ ሰማ፤ «ማንበብ የማትችል» ላይ ሲደርስ ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱም ተሸንፎ አሳለፈን።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ግን አልሳቁም። በለሆሳስ «ልጄ፣ ወረቀትሽን አከብራለሁ፤ ግን ዙሁር ልሰግድ ነው፣ ከላሰችኝ ጣጣ ነው» አሉኝ። ኮርቻ ሰፊው ትዝ አሉኝ። እሳቸውም መብት አላቸው፣ የእኔ ወረቀት የእሳቸውን አይሽረውም። እኔ ወደ መስኮቱ ገብቼ ሳሬን ከወዲያ በኩል ላድርጋት ስል፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ቦታ ቀየረቻቸው። ሴትዮዋ ደግነቷ አያልቅም፤ ወለሉ ይቀዘቅዛታል ብላ የራሷን ጆንያ ከእግሬ ሥር አነጠፈችላት። ሳሬም ተመቻችታ ተኛችበት።

መንገድ ላይ ቡና ያለ ፈቃድ እንዳያልፍ የሚፈተሽበት ኬላ አለ። ተቆጣጣሪው ገብቶ መቀመጫ ለመቀመጫ እያጎነበሰ መጣ። እኛ ጋ ሲደርስ ሳሬ አንገቷን ቀና አደረገች። ሰውየው ወደ ኋላ አለ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ዐይኔ ናት» አልኩና ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

አነበበው። ማኅተሙን አገላብጦ አየ። «ዐይን አይፈተሽም» ብሎ ወረደ።

አውቶቡሱ ትንሽ እንደሄደ ሴትዮዋ በሁለት እጇ ጉልበቴን ይዛ መንፈቅፈቅ ጀመረች። ምን ሆንሽ ብላት መናገር አቃታት። በመጨረሻ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ ሳሬ የተኛችበት ጆንያ ውስጥ በስሱ የተዘረጋ ቡና እንዳለ ነገረችኝ። ድርቅ አልኩ። ቀጥሎ የያዘኝ ሳቅ ግን አሰንዳቦ እስክንገባ አልለቀቀኝም። ስንወርድ ለሳሬ አንድ ሙሉ ዳቦ ገዛችላት፤ ዳግመኛ በእኔ ወረቀት ቡና እንዳታሳልፍ ግን በብርቱ ነገርኳት። እሷም ማለች። ማመኔን እንጃ።

ሰው እየጠየቅሁ፣ በሳሬ እየተመራሁ ቤቱ ስደርስ የእህቴ አማት አራስ ቤት ውሻ አይገባም አሉ። ወረቀቴን አላወጣሁም፤ ቤቱ የእሳቸው ነው። ሳሬን ደጃፉ ላይ «ታኢ» ብዬ ግድግዳውን እየዳሰስኩ ገባሁ። እህቴ ከአልጋዋ ሆና ማን እንዳመጣኝ ጠየቀችኝ።

«ራሴ መጣሁ» አልኳት።

ቀና ብላ ተቀመጠች። ከዚያ «ነይ ተቀበይኝ» ብላ ሕፃኗን እቅፌ ላይ አደረገችልኝ። ከዳቦ አትከብድም ነበር፤ ወዲያው ጣቴን ጨብጣ ያዘች።