የተኛውን መለከት ሳንቀሰቅስ

ሐሙስ፣ ከሸርቆሌ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሸርቆሌ መናኸሪያ ስንደርስ ጫማዬ ጭቃ ለብሶ ጫማነቱ ጠፍቶ ነበር። ከማስተምርበት መንደር እስከ መኪናው መንገድ በበጋ የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ነው፤ በሐምሌ ግን እንደ ጭቃው ፈቃድ ነው። አብሮኝ የመጣው አጣሂር ብልህ ስለሆነ አዲሱን ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ በአሮጌው ተጉዞ፣ መናኸሪያው በር ላይ ቀየረ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ይህን ግን አላሰብኩበትም።

አጣሂር አርባ ዓመት ያለፈው የማሽላ ገበሬ ነው። ጎረቤቴም ወዳጄም ነው፤ መምህር ለማለት «ኡስታዝ» ይለኛል። የምንሄደው አሶሳ ሲሆን ጉዳያችን በሸሚዜ የደረት ኪስ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሏል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ሚሞሪ ካርድ።

ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከእኔ ልጀምር።

የአጣሂር አባት ሼህ ኸሊፋ የመንደሩ የዋዛ መሪ ነበሩ። ዋዛ ስላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ቅል ከቅል እየተገጣጠመ የሚሠራ የበርታዎች መለከት ነው። በእኛ መንደር አሥር አሉ። አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው አሥር ሰው እየተቀባበለ ሲነፋው ነውና እያንዳንዱ ነፊ የሚያውቀው የራሱን ተራ ነው፤ መቼ ነፍቶ፣ መቼ ዝም እንደሚል። ሼህ ኸሊፋ ቀዳሚዋን፣ ትንሿን መለከት ይነፋሉ። እሷ ካልጠራች ሌሎቹ አይገቡም። አጣሂር የሚነፋው አምስተኛውን ነው፤ አባት በሕይወት እያለ ልጅ ቀዳሚዋን አይነካም። ባለፈው ጥር ሽማግሌው ጠሩኝና «ልጄ ሲረከባት ይስማው» ብለው የትንሿን መለከት ተራ ብቻዋን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ነፍተው በስልኬ አስቀረጹኝ።

ሌላም ሕግ አለ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ዋዛው ቤት ገብቶ ይሰቀላል። ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ ድምፁ አይሰማም፤ ከተሰማ እህሉ ይበላሻል። እኔም ሰው አክባሪ ነኝ ባይ፣ ተማሪዎች ስልኬን ሲነካኩ በድንገት እንዳያስጮሁት ሰግቼ ቅጂውን ወደ ካርድ አዛወርኩና ካርዱን አውጥቼ ጠመኔ ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። ሌላ ቅጂ አላስቀረሁም። በሰኔ መጨረሻ የተማሪዎችን ውጤት መዝገብ ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ፤ ካርድ ስፈልግ ጠመኔ ሳጥኑ ውስጥ አንድ «ትርፍ» ካርድ አገኘሁ። ምን እንዳለበት እንኳ ሳላይ ፎርማት አደረግኩት፤ ስልሳ ገጽ አነሳሁበት። ለካስ ከተማሪዎች የደበቅኩትን ከራሴም ደብቄው ኖሯል።

ሼህ ኸሊፋ በሐምሌ መጀመሪያ አረፉ። ከቀብሩ በኋላ አጣሂር «ኡስታዝ፣ የአባቴ ያ ነገር አንተ ጋ አለ አይደል? ለመኸር እኔ ነኝ የምነፋው» ሲለኝ እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ተናግሬ ስጨርስ «አንተ የደበቅከው ለእህል ብለህ ነው» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በመንገድ ላይ

አሶሳ ድረስ ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ብር ከፍለን ሚኒባሱ ውስጥ ተጠቀጠቅን። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ለአሶሳ ገበያ የምትወስደውን፣ ለወጥ የሚሆን የቀርከሃ ቡቃያ እግሯ ሥር ደርድራለች፤ ቅርፊቱ ገና ጤዛ እንደያዘ ነው። መንገድ ዳር ያለው የስደተኞች መጠለያ ቆርቆሮዎች በዝናቡ ውስጥ ሲያብረቀርቁ ታዩን። የእርዳታ ድርጅቶች ነጫጭ መኪኖች ጭቃ እየረጩብን አለፉ። ከዚያ ወዲያ ቀይ መንገድ፣ ቀርከሃ፣ ማሽላ፣ እንደገና ቀርከሃ። አገሩ በክረምት እንዲህ አረንጓዴ ሲሆን ወሬ የምወደው እኔ እንኳ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

ሆሞሻ ሳንደርስ አንዲት ወንዝ ሞልታ ጠበቀችን። ሾፌሩ «ወንዶች ውረዱ!» አለ። ገፋን። አጣሂር አዲሱን ጫማውን አውልቆ ለቀርከሃዋ ሴት በአደራ ሰጠና ወገቡ ድረስ ገባ። እኔ አንድ እጄን መኪናው ላይ፣ አንድ እጄን ደረት ኪሴ ላይ አድርጌ ስገፋ ያየ አንድ ተሳፋሪ «መምህር፣ ልብዎን ያምዎታል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። በአንድ በኩል እውነቱን ነበር።

አሶሳ፣ ስድስት ሰዓት

ከመናኸሪያው በባጃጅ ተሳፍረን ወደ ዘምዘም ሱቅ ሄድን። ዘምዘም ፎቶ ኮፒ የምታነሳ፣ ኮምፒዩተር የምትጠግን፣ የጠፋ ፋይል የምትፈልግ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ አሶሳ ተወልዳም የወሎ አነጋገሯን አልተወችም። ከመምጣቴ በፊት ደውዬላት «ካርዱን አውጥተው ያስቀምጡት። ፎቶ እንኳ እንዳይጨምሩበት፣ በአላህ!» ብላኝ ነበር።

አሁን ካርዱን በሁለት ጣቷ ተቀበለችኝና በአምፖሉ ፊት አየችው።

«አብሽሩ መምህር» አለች። «ፎርማት ሲያደርጉት እኮ ቤቱን አላፈረሱትም። በሩ ላይ ‹ባዶ ቤት› ብለው ለጠፉበት እንጂ ዕቃው ውስጥ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ የገባው አዲስ ተከራይ ነው።»

«ስልሳ ተከራይ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ወዬው! እስቲ እናያለን።»

ካርዱን ራሱን አልነካካችውም። መጀመሪያ ሙሉ ግልባጩን ወደ ኮምፒዩተሯ ወሰደች፤ «ብሳሳት በግልባጩ ልሳሳት» አለችን። ከዚያ የመፈለጊያ ፕሮግራሙን በግልባጩ ላይ አስነሳችና ሂዱ ብሉ ብላ አባረረችን። ምግብ ቤት ገብተን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አዘዝን። ገንፎው የጋለ፣ ባሚያው የሚሳብ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ደግሜ አዝዝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳህኔን ገፋ አደረግኩት። አጣሂር የእኔንም ጨረሰልኝ። «መንገድ ሆድ ይፈልጋል» አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ስንመለስ ስክሪኑ ላይ ስም የሌላቸው ፋይሎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ቀርቶላቸዋል። ዘምዘም አንዱን ስትከፍት የርዕሰ መምህራችን ድምፅ «አጀንዳ ሁለት…» ብሎ ተሰማ። ደነገጥኩ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ በኅዳር በየአጀንዳው ከፋፍዬ የቀረጽኩት የሦስት ሰዓት ስብሰባ ነው፤ ካርዱ ላይ ከዋዛው ቀድሞ የተቀመጠው እሱ ነበር። ፎቶዎቹ ከካርዱ መጀመሪያ ተነስተው አለፍ አለፍ እያሉ ሲሰፍሩ የበሉት በአብዛኛው ስብሰባውን ነው። አሥር ዓመት ስሰበሰብ ስብሰባ ለሰው ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነው።

«ከስብሰባው ቀጥሎ ያለው ይኸው» አለች ዘምዘም። «ግን መጀመሪያውን ትንሽ ነክተውታል። ኮምፒዩተሩ የሚለይበት ራስ የለውም፣ አይከፈትም። በዚያው ስልክ አንድ ነገር ይቅረጹልኝ፤ ከጤነኛው ራስ ወስጄ እገጥምለታለሁ። ለነገ ይደርስልዎታል።»

ስልኬን አፌ ላይ ይዤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኩላት። አምስት መቶ ብር የከፈልንበት አልጋ ላይ ያደርኩት ግን ዓይኔን ሳልከድን ነው።

ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት

ፉል በልተን ሄድን። ዘምዘም በቀላ ዓይኗ ፈገግ ብላ ጠበቀችን። «ተከፈተ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ከሰላሳ ሰከንድ። ላሰማችሁ?» ብላ እጇን ወደ ማውሱ ስትሰድድ አጣሂር መዳፉን ድምፅ ማጉያው ላይ ጫነበት።

«አይሆንም። ማሽላ ገና ነው።»

ዘምዘም እኔን አየችኝ። ስለ ሕጉ ነገርኳት። እኔ ራሴ እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው ልንሰማው የማይፈቀድልንን ነገር ፍለጋ ነው።

«በጆሮ ማዳመጫ ቢሆንስ ጋሼ? ለእርስዎ ብቻ።»

«ጆሮ ያው ጆሮ ነው» አለ አጣሂር።

«ታዲያ ትክክለኛው መሆኑን በምን እናውቃለን? ጩኸት ብቻ ቢሆንስ? እኔ ሳላረጋግጥ አልሰጥም!»

አጣሂር ወደ በሩ ዞሮ ዝናቡን ያይ ጀመር። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር አልረሳውም፤ አባቱ በግድግዳ ማዶ ቆመው ሳለ በሩን እንዳይከፍት ራሳቸው የከለከሉትን ሰው ይመስል ነበር።

ዘምዘም ድንገት ተነሳች። የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀለች። የኮምፒዩተሩንም ድምፅ ዘጋችና የተዘጋበትን ምልክት ለአጣሂር አሳየችው። ከዚያ ሌላ ፕሮግራም ከፈተች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ወጣ፤ ዝርግ ሆኖ ይሄድና ያብጣል፣ ደግሞ ዝርግ ይሆናል።

«ይኼ የድምፁ መልክ ነው» አለች። «ያበጠው ድምፅ ነው፤ ዝርጉ ዝምታ ነው። ምንም አይሰማም። ማየትስ ይከለከላል?»

አጣሂር ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ቅሉ ቤት ተሰቅሏል። በየቀኑ አየዋለሁ። ማየት አልተከለከለም» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። መጀመሪያ ምንም አልገባውም፤ እኔም ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ከዚያ ጣቱ ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ። አጭር። ዝም። አጭር። ዝም። ረዥም። ጉንጩ ተነፋ። መስመሩ ዝርግ ሲሆን አየር ይስባል፣ ሊያብጥ ሲል ጉንጩ ይሞላል፣ ሳይነፋ ይለቀዋል። ስክሪኑን ዘምዘም እየገፋችለት ሄደች። አንድ ጊዜም አልተሳሳተም ማለት አልችልም፤ እኔ ምን አውቄ! ግን ትንፋሹና መስመሩ አብረው ሲሄዱ አየሁ። አንድ ቦታ ላይ ትንንሽ የተዝረከረከ ነገር ታየ።

«ሳል» አለ አጣሂር። «አባቴ ነው። እዚህ ጋ ሁልጊዜ ያስለዋል።»

ዘምዘም አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። እኔ አሥር ዓመት ድምፅ ሞገድ ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬያለሁ። ስዕሉን እንጂ ነገሩን እንደማላውቀው የገባኝ ያን ጠዋት ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ስለሆነ የሼህ ኸሊፋ እውቀት ሁሉ መቼ መንፋት፣ መቼ ዝም ማለት ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ አንድም ሳይሸሸግ መስመሩ ላይ ተዘርግቷል።

አጣሂር ወደ መጀመሪያው ተመለሰና ቅር አለው። «ከረዥሙ በፊት ጥሪው ሦስት ነው። እዚህ ሁለት ነው።»

ግማሽ ደቂቃው፣ የመጀመሪያው ጥሪ፣ ከውጤት መዝገቤ ሥር ቀርቷል። ዘምዘም ያን አጥብቃ ብትፈልግም አዲስ የሰፈረበትን ማንም እንደማይመልሰው ነገረችን። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አጣሂር እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«ተወው ኡስታዝ። ያን ጥሪ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ዘምዘም መስመሩን ከፋፍላ በአሥራ አራት ገጽ አተመችለት። ቅጂውንም ሁለት ፍላሽ ላይ አድርጋ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠችን። አጣሂር ጁምዓ ሰግዶ ሲመጣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተውና ወደ ሸርቆሌ ተሳፈርን። ወንዟ ጎድላ ስለነበር ማንም አልወረደም።

ቤት

ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን። ፍላሹ አጣሂር ቤት፣ ከተሰቀሉት ቅሎች መሃል በክር ተንጠልጥሏል። የእኔው ፍላሽ ጠመኔ ሳጥን ውስጥ የለም፤ ጠመኔ ሳጥን ውስጥ አሁን ያለው ጠመኔ ነው። ፊዚክስ መምህር ሆኜ ያልተማርኩትን ከዚህ ጉዞ ተማርኩ፤ የማይሰማ ነገር ሁሉ የጠፋ አይደለም። ጠፋ ብሎ ለማልቀስ ከመቸኮል በፊት እጅን ሰብስቦ መቀመጥ፣ በላዩም ሌላ ነገር አለመጫን ይገባል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ በአጣሂር ማሳ በኩል አለፍኩ። ማሽላው ጉልበቴን አልፏል። እሱ ጎንበስ ብሎ ይኮተኩታል፤ አላየኝም። መኮትኮቻው አፈሩን ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል፣ ያርፋል። ከዚያ አንድ ረዥም ስበት። ማሳው ዳር ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። ስበቱ ከመምጣቱ በፊት የሚመታው ሦስት ጊዜ ነው።

«አጣሂር!» አልኩት። «ማሽላው ገና ነው እኮ!»

ቀና ብሎ ላቡን ጠረገና ሳቀ።

«እኔ ምን አደረግኩ ኡስታዝ? አረም ነው የምነቅለው» አለኝ፤ ተመልሶም ጎንበስ አለ።