የአባት አገር

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና «አክስቴ፣ ወንጀል የሚበዛው ከየት በመጡ ሰዎች እንደሆነ በሠንጠረዥ ወጥቷል፤ እዪው» አለኝ። አላይም አልኩት። ድምፄ ሳይጠነክርበት አልቀረም፤ ልጁ ደነገጠ።

እኔም በሃያ ዓመቴ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ። በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ የአንድ ፖሊስ ጣቢያ ጸሐፊ ነበርኩ። ያ ክረምት ክፉ ነበር። መንገዱ ሁሉ ጭቃ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ዓሣ ዓሣ የሚሸት፤ በየሳምንቱም በስለት የተወጋ ሰው ይመጣል። አንዱ አንጀቱን በጋቢው ደግፎ፣ በእግሩ መጥቶ፣ ጠረጴዛዬ ፊት ወደቀ።

አለቃችን፣ መቶ አለቃው፣ «የተከሳሾቹን አገር ለይተሽ አውጪልኝ» አሉኝ። በማስመሪያ አስምሬ፣ በቀይ እርሳስ አሳምሬ አወጣሁ። የአንድ አውራጃ ስም ከሁሉ በላይ ሆነ። ስሙን አልጠራውም፤ ያኔ የጠራሁት ይበቃል።

በማግስቱ ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች ሠንጠረዡን ይዘው ገበያው አጠገብ ወዳሉት ልብስ ሰፊዎች ሄዱ፤ ብዙዎቹ የዚያ አውራጃ ሰዎች ይባሉ ነበር። ከሰፊዎቹ አንዱ፣ ጳውሎስ፣ የግቢያችን ልጅ ነው፤ አዋሳ ተወልዶ ያደገ፣ ያንን አውራጃ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ።

«አገርህ የት ነው?» አሉት።

በእኛ ዘንድ አገር ማለት አባት የተወለደበት ነው። እሱም ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ የአባቱን አገር ተናገረ። በሰደፍ መቱት። ሲወድቅ ቀኝ እጁን በጫማ ረገጡት፤ ጣቶቹ ሲሰበሩ ይሰማ ነበር አሉ ያዩት። ጭንቅላቱ ላይ ያረፈው ሰደፍ በሦስተኛው ቀን ገደለው።

ሞቱን ልመዘግብ ስል መቶ አለቃው «ይሄ ወንጀል አይደለም፤ አትጻፊው» አሉኝ። አልጻፍኩትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቀብሩ በኋላ መዝገቡን ገለጥኩ። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ እዚሁ ሲወለዱ ገንፎ በልተንላቸዋል። እኔም የጠየቅኋቸው «አገርህ?» ብዬ ነበር፤ እነሱም የመለሱልኝ እንደ ጳውሎስ ነው።

እናቱ እትዬ አስቴር ለቅሶው ላይ «ምነው ልጄ አዋሳ ባለ! አፉን ምን ያዘው?» ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ «ምነው፣ ምነው» እያልኩ አለቀስኩ። አንገቴን አቅፈው «ከጣቢያው አንቺ ብቻ መጣሽልኝ» ብለው ሳሙኝ።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኩት። እትዬ አስቴር ግን ሳልነግራቸው አረፉ። ከሠንጠረዡም በላይ የሚያንገበግበኝ፣ ሲስሙኝ ዝም ማለቴ ነው።