ነጭ ሽንኩርት በኑግ ዘይት

ደብረ ብርሃን እስር ቤት ያስገቡኝ ክፍል በር ሲዘጋ መጀመሪያ የሰማሁት የማከክ ድምፅ ነው። አርባ ያህል ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያካል። በደርግ ዘመን በሙሉ ድምፅ ሲጸድቅ ካየሁት ሁሉ ያለ ካድሬ ግፊት የጸደቀው ይኸው ብቻ ነው።

እከኩ ከሁሉ የባሰበት ከመዘዞ የመጣ ወጣት ዲያቆን ነበር። የጣቶቹ መሃል ቆስሏል። የዘበኞቹ አለቃ አየውና፣ «በሦስት ሳምንት ካልዳነ ወደ ጓሮው ቤት ይዛወራል» አለ። ጓሮው ቤት ገብቶ የተመለሰ ሰው አናውቅም።

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። ነጭ ሽንኩርት ለእከክ እንደሚበጅ ሰምቻለሁ፤ ፈዋሹን ነገር ከውስጡ አሟሙቶ የሚያወጣ ጠንካራ ፈሳሽ፣ አሟሚ፣ ካገኘሁ ልጁ ይድናል ብዬ አሰብኩ። መጽሐፍ ያስተማረኝ አሟሚ ደግሞ ቤንዚን ነው። ለባለቤቴ «አንድ ጠርሙስ ቤንዚን ላኪ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ላነበበው ዘበኛ የታየው ኬሚስትሪው ሳይሆን ቃጠሎው ነበር። ሁለት ቀን ጠጠር ላይ አንበረከኩኝ።

ስመለስ ሐጂ የምንላቸው የአልዩ አምባ ነጋዴ ጉልበቴን አዩ።

«መምህር፣ ቤንዚን ለመኪና ነው። ለሰው ቅባት ይበቃል። ቅቤ አስመጣለሁ።»

ዲያቆኑ እጁን ሰበሰበ። «ሐጂ፣ ሁዳዴ ነው።»

«ልትበላው ነው እንዴ?»

«ገላዬም ይጾማል።»

ሐጂ ሳቁ። «እንግዲያው በኑግ ዘይት ይሁን። ጾም አስፈታ እንዳልባል።»

ሽንኩርቱም ዘይቱም ከስንቅ ጋር ያለ ጥያቄ ገባ። ሐጂ በጣሳ ቂጥ ጨፈለቁት። ዘይቱን ወዲያው ልጨምር ስል እጄን ያዙኝ። «ቆይ፣ ይተንፍስ።» ሽታው ዓይን እስኪያቃጥል ጠብቀው ጨመሩበትና ሁለት ቀን አቆዩት። እኔም የሙያዬን ክብር ለማዳን ሙከራ ይደረግ አልኩ፤ በውሃ የተዘፈዘፈው ለግራ እጁ፣ በዘይት የተዘፈዘፈው ለቀኙ። በሳምንቱ ቀኝ እጁ ድኖ ሥራው ግራውን ማከክ ብቻ ሆነ። ግራውንም በዘይት ቀባነው።

አለቃው በቀጠሮው መጣ። ዲያቆኑ ሁለት ንጹሕ እጆች ዘረጋለት። አገላብጦ አየና ወጣ። በማግሥቱ ብቻውን ተመለሰ፤ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ከዚያ ነገር ተርፏል?»

ሐጂ ከተቀመጡበት አልተነሡም። «አለ። ተራ ግን አለ። ከዚያ ሰውዬ ኋላ ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ሰባት እስረኛ እስኪቀባ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ የቀባው ዲያቆኑ ነው። አልቸኮለም፤ አልጨከነበትምም።

ዛሬ የኬሚስትሪ መጽሔቶቹ መርዛሙን አሟሚ ትታችሁ በውሃና በአትክልት ዘይት ተጠቀሙ ይላሉ። አዲስ ግኝት ነው ካሉ እኔ አልከራከርም። ያ ዲያቆን ዛሬ መዘዞ ላይ ቄስ ናቸው። ባለፈው መንገድ ላይ አገኘኋቸውና መስቀላቸውን አወጡልኝ። እኔ እምብዛም የምሳለም ሰው አይደለሁም። መስቀሉን የያዙትን ጣቶች ግን ሳምኩ።