ትንሿ ጎማ

ሰውዬው በሳይክሉ ወደ ወንዙ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት ሁልጊዜ ጎሚስታው ዘንድ ይቆማል። ጸጉሩ ገብስማ ነው፤ ጃኬቱ ከኮረኮንቹ አቧራ ብዛት ቀለሙ ጠፍቷል። ሁለት ኮዳ ውሃ ይይዛል፤ የሚጠጣው ግን ከአንዱ ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ ከቦርሳው ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ አውጥቶ ሰጠው። ጎሚስታው ሁለተኛዋን ዘርግቶ አየና ሳቅ አለ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ የልጅ ሳይክል ጎማ ናት። ለእርስዎ አትሆንም።»

«አውቃለሁ። አየር መያዟን ብቻ እይልኝ።»

ጎሚስታው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ነፋትና ባልዲ ውሃ ውስጥ ደፈቃት። ላስቲኳ በእርጅና ተሰነጣጥቋል፤ አረፋ ግን አልወጣም።

«ደህና ናት።»

ሰውዬው እፎይ አለ። አስተንፍሶ፣ እንደ ሕፃን ልብስ አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ መለሳት።

ወደ ጥንቱ የድንጋይ ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ የገደሉን ጠርዝ ይዞ ነው፤ ደህናውን የተራራ ጥግ ለሌላ ሰው የለቀቀ ይመስላል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ሳይዞር እጁን ዘርግቶ «ቀስ በል» የሚል ምልክት አሳየ።

ጎሚስታው የባልዲውን ውሃ መንገዱ ላይ ሊደፋ አንስቶ ነበር። መንገዱ ላይ ማንም ባይታይም፣ ከኋላ የሚመጣው እስኪያልፍ ጠበቀ።