ለተከላካይነት የሮጥን ቀን

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ቤታችን፣ ልጄ አሚር ያን በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካኖቹን ኳስ እያየ ሶፋውን በቡጢ ይደልቀዋል። እኔ ከዌርሃውስ ፈረቃ ገብቼ እግሬን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬያለሁ። አምና በኮሮና ባዶ የነበረው ስታዲየም ዘንድሮ ጢም ብሎ ሞልቷል። የከተማችን ቡድን የኋላ ተከላካዮች ግን ፍጥነት የላቸውም አሉ፤ የመጣው ሁሉ ያልፋቸዋል።

«ማም፣ ሂ ኢዝ ቱ ስሎው! ይቀይሩት!»

ተከላካዩን ልጅ ቀየሩት። ፎጣ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀመጠ። አሚር ሳቀ። እኔን ያ ፎጣ ኮምቦልቻ ወሰደኝ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን ደሴ ላይ ለዋንጫ ሊጫወት ሁለት ቀን ቀርቶታል። የደሴዎቹ የክንፍ ተጫዋች የምትበር ቀጭን ልጅ ናት። የስፖርት መምህራችን ጋሼ ታደሰ እኔንና ዘይነባን ለብቻ ጠራን። ዘይነባ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራን ጓደኛዬ ናት።

«ከኋላ ሳስተናል። ያቺን ልጅ ሮጣ የምትይዝልኝ አንዲት ተከላካይ እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት ትሮጣላችሁ፤ የቀደመች ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትቀራለች።»

ጠዋት ከሮጥን ዘይነባ እንደምትቀድመኝ አውቃለሁ። ሁልጊዜም ትቀድመኛለች።

«ጋሼ፣ ከሰዓት ቢሆንስ? ልጆቹ ሁሉ ባሉበት። ኋላ አዳላ እንዳይሉህ» አልኩት። እሺ አለ። እንዴት ያለ ምላስ ነበረኝ እቴ!

ወሩ ረመዳን ነው። ዘይነባ ጾማለች። እኔ ግን የወር አበባዬ መጥቶ ጾም ስለማይፈቀድልኝ ያን ሳምንት እየበላሁ ነበር፤ ይህን ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጓዳ ገብቼ የገብስ ቆሎ ቆረጠምኩ፤ ሁለት ጣሳ ውሃም ጠጣሁበት።

አሥር ሰዓት ላይ ሮጥን። የኮምቦልቻ ሙቀት ከመሬቱ ሽቅብ ይነሳል። እስከ ግማሽ መራችኝ። ከዚያ ጉልበቷ ሲከዳት አየሁት፤ እያየሁ አለፍኳት። መስመሩ ጋ በግንባሯ ተደፋች፣ አፏን አፈር ሞላው።

«ተኝተሽ ልትከላከይ ነው እንዴ?» አለቻት አንዷ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ውሃ ሲያመጡላት በእጇ መለሰችው። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅኩ።

በበነጋው ጠዋት ጭነት መኪናው ሊነሳ ሲል፣ አዲሱን ሸራ ጫማዋን በፌስታል ይዛ መጣች።

«እንኪ፣ ያንቺ ሶሉ ተገንጥሏል። ደግሞ የደሴዋ ልጅ ወደ ውስጥ የምትገባ መስላ በውጭ ነው የምታመልጠው። ቶሎ አትግቢባት።» ስቀበላት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትናንት እኮ ከንፈርሽ አልደረቀም ነበር።»

ለጋሼ ታደሰ ግን አልነገረችውም።

ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ጫማውን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ወጣሁ። ደሴ ላይ ያቺ ቀጭን ልጅ ሦስት ጊዜ አለፈችኝ፣ ሦስቱንም አገባችው። ጋሼ ታደሰ ራሱን ይዞ «ምነው ዘይነባን ባመጣሁ!» ሲል ሰማሁት። ጫማውን ልመልስ ስሄድ በር ላይ የተቀበሉኝ እናቷ ናቸው። ዘይነባ ዴስክ ቀየረች፤ ሜዳም ድርሽ አላለችም።

አሚር አሁንም ይስቃል።

«አትሳቅበት» አልኩት።

«ዋይ? ዱ ዩ ኖው ሂም?»

እግሬ ያለበት ውሃ ቀዝቅዟል። ያን ረመዳን የበላኋቸውን ቀናት በኋላ ጾሜ ቀዷ አውጥቻለሁ፣ ብድሬን ከፍያለሁ፤ በዚያ በኩል ከአላህ ጋር ተስማምተናል ብዬ አምናለሁ። ለዘይነባ የሚጾም ቀን ግን የለም።